ከሐረርና ከድሬዳዋ ሆነው ለደንበኞችዎ ኢሜይል መላኪያ እንዴት ይመርጣሉ?

ዲዛይኑ ይቆይ፤ መጀመሪያ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚመጣ ይወቁ። ጽሑፍ በኢሜይል መላኪያ የሆነው ሰብስታክ አንባቢን የሚያስከፍለው ስትራይፕ በተባለው የክፍያ አገልግሎት በኩል ነው፣ ስትራይፕ ደግሞ ለኢትዮጵያ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ስለዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ተቀምጦ በሰብስታክ በነፃ መጻፍ ይቻላል፤ ክፍያን እዚህ ባንክ መቀበል ግን አይቻልም። የሐረር ስፌት ወይም ፎቶ እየሸጡ ሒሳቡን በቴሌብር የሚቀበሉ ከሆነ ግን ይህ አያሳስብዎትም።

ቀጥሎ የነፃው አገልግሎት በምን እንደሚቆጠር ይዩ። አንዳንዱ ተመዝጋቢ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ የሚላከውን ኢሜይል። ብሬቮ የተባለው መላኪያ በነፃ የሚፈቅደው በቀን 300 ኢሜይል ነው። 900 ሰው ካለዎትና ለቅዳሜ ባዛር ሐሙስ መላክ ከጀመሩ፣ የመጨረሻዎቹ 300 ሰዎች ጥሪው የሚደርሳቸው በባዛሩ ዕለት ነው።

አሁን አማርኛውን ይፈትኑ፤ ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንን ነው። መመዝገቢያ ቅጹ፣ የማረጋገጫ ኢሜይሉና ግርጌ ላይ ያለው የመውጫ ሊንክ በአማርኛ ይቀየራሉ? ማረጋገጫው በእንግሊዝኛ ከመጣ አንባቢው ምን እንደሆነ ሳይገባው ይተወዋል፣ ካላረጋገጠ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።

ርዝመትም አለ። ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት በላይ የሆነ መልእክት ይቆርጣል። የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፤ ከዎርድ ገልብጠው ሲለጥፉ ደግሞ የማይታይ ኮድ ይጨመርበታል። የሚቆረጠው ግርጌው ነው፤ መውጫ ያጣ አንባቢም «ስፓም» የሚለውን ይጫናል።

በጂሜይል አድራሻዎ ስም በመላኪያው በኩል አይላኩ። ደብዳቤው በእርግጥ ከርስዎ መምጣቱ ስለማይረጋገጥ ስፓም ውስጥ ይወድቃል። የራስዎን ዶሜይን (ከ@ በኋላ የሚመጣውን የራስዎን የኢንተርኔት ስም) ይግዙና መላኪያው የሚሰጥዎትን የኤስፒኤፍና የዲኪም መዝገቦች (ኢሜይሉ ከርስዎ መሆኑን የሚያረጋግጡ ጽሑፎች) ዶሜይኑን በገዙበት ቦታ ያስገቡ። ይህን በነፃው አገልግሎት የማይፈቅድ መላኪያ ይቅርብዎ።

ግርጌ ላይ የፖስታ አድራሻ ይጠየቃሉ። የጁገል ቤትዎን ከማስፈር የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይሻላል።

ከመወሰንዎ በፊት አምስት አድራሻ በአማርኛ ስም አስገብተው በሲኤስቪ ፋይል (ተራ የሰንጠረዥ ፋይል ነው) መልሰው ያውርዱ። ዝርዝሩን ማውጣት ካስቸገረዎት ሌላ ይፈልጉ። ስሞቹ ኤክሴል ላይ ተመሰቃቅለው ቢታዩ ግን አይደንግጡ፤ ፋይሉን በጉግል ሺትስ ይክፈቱት።