ኬጂ ስትመርጡ መጸዳጃ ቤቱን ሳታዩ አትመዝግቡ

ጅማ ያላችሁ ወላጆች፣ የምዝገባ ሰሞን ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ሁሌም "ወርሃዊ ክፍያው ስንት ነው?" የሚለው ነው። ይጠየቅ፣ ግን እሱ ላይ አታቁሙ።

እኔ ለልጄ ኬጂ ስፈልግ መጀመሪያ ያየሁት መጸዳጃ ቤቱን ነው። አንዱ ጋ መቀመጫው ለአዋቂ የተሠራ ነበር፤ የ4 ዓመት ልጅ እግሯ መሬት አይነካም። የእጅ መታጠቢያው እኔ ደረት ድረስ ይደርሳል። ሌላው ጋ ዝቅ ያለ ቧንቧ፣ አጠገቡ ሳሙና፣ በሩ ላይ ደግሞ የምትጠብቅ ሞግዚት አገኘሁ። "ልጅ ልብሱ ላይ ቢያመልጠው ማን ይቀይርለታል?" ስላት ቅያሪ ልብስ የተቀመጠበትን ቁም ሣጥን ከፍታ አሳየችኝ። ልቤ እዚያው አረፈ።

ከተማችን ዝናብ አያጣትም። "ሲዘንብ ልጆቹ የት ይጫወታሉ?" በሉ። "ክፍል ውስጥ ቁጭ ይላሉ" ካሏችሁ ደግማችሁ አስቡበት። በዚህ ዕድሜ ልጅ በደንብ የሚማረው እየተጫወተ ነው።

ቋንቋውንም ጠይቁ። ቤት አማርኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ አፋን ኦሮሞ ብቻ የምትናገር መምህር ጋ ቢገባ፣ ወይም በተቃራኒው፣ "ውሃ ጠማኝ" ለማለት እንኳ ይቸገራል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት እንደሚያግዙት ይንገሯችሁ።

ልጁን ማን እንደሚወስደው ስም መዝግበው ይይዛሉ? የለመደው የባጃጅ ሾፌር ቀርቶ ሌላ ሰው ቢመጣ ሳይደውሉላችሁ ይሰጡታል? ይህን ርዕሰ መምህሯን ብቻ ሳይሆን በር ላይ ያለውን ጥበቃም ጠይቁት። በሩን የሚከፍተው እሱ ነው።