ላንቃው የተሰፋ ልጅ ሲናገር አየር በአፍንጫው ያመልጥ እንደሆነ በቤት ውስጥ እንዴት ይፈተሻል?

የላንቃ መሰንጠቅ ኖሮበት በቀዶ ሕክምና የተሰፋለት ልጅ ከዓመታት በኋላም ንግግሩ አፍንጫ አፍንጫ የሚል ከሆነ፣ ወላጁ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው ነገር አለ፤ አየሩ በእርግጥ በአፍንጫ ያመልጣል ወይስ ልጁ ፊደሉን በተሳሳተ ቦታ ማውጣት ለምዷል? ሁለቱ ላልለመደ ጆሮ ይመሳሰላሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ልጅ ላይ አብረው ይገኛሉ። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የሚታረመው በንግግር ሕክምና ነው።

የላንቃችን የፊተኛው ክፍል አጥንት፣ የኋለኛው ሥጋ ነው። ስንጥቅ የሌለበት ሰው «ፓፓያ» ሲል ይህ ለስላሳ ላንቃ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተነሥቶ ከጉሮሮ ግድግዳ ጋር ይገጥማል፤ የአፍንጫው መንገድ ስለተዘጋም ከሳንባ የመጣው አየር ከከንፈሮቹ በስተጀርባ ይታመቅና ሲከፈቱ ፈንድቶ ይወጣል። ላንቃው ወርዶ አየሩን በአፍንጫ የሚያሳልፈው «ም»፣ «ን» እና «ኝ» ሲባሉ ነው። በተሰነጠቀ ላንቃ ውስጥ ግን ከግራና ከቀኝ መጥተው መሀል ላይ መገናኘት የነበረባቸው ጡንቻዎች በአጥንቱ የኋላ ጠርዝ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ስንጥቁ ቢደፈንም ጡንቻዎቹ በአግባቡ ካልተያያዙ ወይም ላንቃው ካጠረ ወደ አፍንጫ የሚወስደው በር አይገጥምም። ተመራማሪዎቹ ዋረንና ዱቦይስ በ1964 እ.ኤ.አ. የአየሩን ግፊትና ፍሰት አብረው በመለካት የዚህን ክፍተት ስፋት የሚያሰላ ዘዴ ካሳተሙ ወዲህ፣ ከ5 ካሬ ሚሊሜትር በታች የሆነ ክፍተት በቂ መዘጋት እንዳለ፣ 20 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግን በሩ እንደማይዘጋ ማሳያ ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል። 20 ካሬ ሚሊሜትር የአንዲት ምስር ፍሬ ፊት ያህል ነው።

ለፍተሻው ልጁ ጉንፋን የሌለበትን ቀን ይምረጡ። ትንሽ መስታወት በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው በደንብ ያድርቁት፤ በቆላ አገር ይህን ካላደረጉ መስታወቱ ጉም አይዝም። በመጀመሪያ ልጁ «ማማማ» ይበል፤ ከአፍንጫው ሥር በያዙት መስታወት ላይ ሁለት ትናንሽ የጉም ክቦች መታየት አለባቸው። ካልታዩ አፍንጫው ተደፍኗልና ፍተሻውን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ቀጥሎ «ፓፓፓ»፣ ከዚያም «አባባ ዳቦ በላ» እና «ጥጃ ጡት ጠባ» ያሰኙት፤ በእነዚህ ውስጥ የአፍንጫ ድምፅ የለም። መስታወቱን የሚያስጠጉት ልጁ መናገር ከጀመረ በኋላ ሲሆን የሚያነሡት ሳይጨርስ ነው፤ አለበለዚያ ዝም ሲል የሚተነፍሰው አየር መስታወቱን አጉሞ ያሳስትዎታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በራስዎ አፍንጫ ቢለማመዱ ይሻላል። በ«ፓፓፓ» ላይ ደጋግሞ የሚታይ ጉም አየር እያመለጠ መሆኑን ያሳያል፤ በኋለኛው በር ይሁን በስፌቱ ላይ በቀረ ቀዳዳ ግን መስታወት አይለይም።

አሁን የልጁን አፍንጫ በሁለት ጣት ቀስ ብለው ይያዙና ያንኑ ዓረፍተ ነገር ያስደግሙት። ስንጥቅ የሌለበት ሰው አፍንጫውን ቢይዝ «አባባ» ያው «አባባ» ነው፤ የሚበላሽበት «እማማ» ነው፣ ወደ «እባባ» ይጠጋል። የልጁ «ዳቦ» አፍንጫው ሲያዝ ጠርቶ ከተሰማ ምላሱና ከንፈሩ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ጉድለቱ በሩ ላይ ወይም በስፌቱ ቀዳዳ ላይ ነው። ምንም ካልተለወጠ የተሳሳተ ልማድ መኖሩን ይጠርጥሩ። በአማርኛ ይህ ልማድ ጎልቶ የሚሰማው በ«ጥ»፣ «ቅ»፣ «ጭ» እና «ጵ» ላይ ነው፤ አፉ ውስጥ አየር ማመቅ ያልቻለ ልጅ ድምፁን ጉሮሮው ላይ ቆርጦ «ቆሎ»ን «ኦሎ» ይላል። የአካባቢያችሁ ሰው ሁሉ «ቅ»ን በጉሮሮ የሚል ከሆነ ግን በሌሎቹ ፊደላት ይፍረዱ።

ፊኛና ፉጨት የላንቃን ጡንቻ ያጠነክራሉ የሚለው ምክር እስካሁን ይሰጣል፤ እኔ ጊዜ ማባከን ነው እላለሁ፤ መንፋትን የተለማመደ ልጅ መንፋትን እንጂ መናገርን አይማርምና። እንጥል ማስቆረጥማ ጭራሽ አይታሰብ። እንጥሉ ለሁለት የተከፈለ ልጅ ንግግሩ በአፍንጫ የሚወጣ ከሆነ፣ ስንጥቅ ባይታይም ከሥጋው ሥር የተደበቀ ስንጥቅ ሊኖርበት ስለሚችል ለሐኪም ይታይ፤ በተለይ አዴኖይድ (ከአፍንጫ ጀርባ፣ ጉሮሮ ላይ ያለ እብጠት) ይውጣለት ከተባለ ይህን አስቀድመው ይንገሩ፤ በሩን ለመዝጋት ሲያግዝ የቆየው ያ እብጠት ሊሆን ይችላል።

ወደ ሕክምና ሲሄዱ ልጁ አፍንጫው ተይዞና ሳይያዝ የተናገረውን በስልክ ቀድተው ይውሰዱ። ሐኪሙ በአፍንጫ በምትገባ ቀጭን ካሜራ በሩን ልጁ እየተናገረ ያየዋል፤ ብዙ ልጆች ግን ካሜራ ሲያዩ አፋቸውን ይዘጋሉ።