አነስተኛ ንግዶችን ከፍለጋ ውጤት የሚያርቁ ስህተቶች

ድረ ገጽ ከፍተው ወራት ቢያልፉም በጎግል በኩል አንድም ደንበኛ ያልመጣላቸው የንግድ ባለቤቶች ቶሎ የሚጠይቁት «ምን ዘዴ አለ?» ብለው ነው። እኔ ግን ከዘዴው በፊት መታየት ያለበት ሌላ ጉዳይ አለ ባይ ነኝ። ትንንሽ ድርጅቶች በፍለጋ የሚቀደሙት ደንበኛቸው ምን ብሎ እንደሚፈልግና ገጻቸው ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያገኝ ቁጭ ብለው ስለማያዩ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። ነገሩ በጨረፍታ እንዳያልፍ ሶፋና ምንጣፍ የሚያጥብ አንድ አነስተኛ ድርጅት በምሳሌነት ይዘን እንቀጥል።

ገጹ በጎግል መመዝገቡን ሳያረጋግጡ መጠበቅ

ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ ቀዳሚ አድርጌዋለሁ። ድረ ገጽ በሚሠራበት ጊዜ ያላለቀው ሥራ በፍለጋ እንዳይወጣ ባለሙያው ይዘጋዋል። ለምሳሌ ብዙ ድረ ገጾች በሚሠሩበት በዎርድፕረስ ቅንብር ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የምትጠይቅ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ሥራው አልቆ ገጹ ለሕዝብ ሲከፈት ከዚያች ሳጥን ላይ ምልክቱን ማንሳት ይረሳል። ከዚያ ወዲያ የቱንም ያህል ቢጻፍ፣ የቱንም ያህል ፎቶ ቢጫን፣ ልፋቱ ሁሉ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል።

ማጣሪያው ቀላልና ነፃ ነው። ጎግል ሰርች ኮንሶል በተባለው፣ ገጽዎ በፍለጋ እንዴት እንደሚታይ በሚያሳየው የጎግል መሣሪያ ላይ የድረ ገጹ ባለቤት መሆንዎን ካረጋገጡ በኋላ፣ ከላይ ባለው የመፈለጊያ ቦታ የገጽዎን አድራሻ ያስገቡ። ገጹ ተመዝግቦ እንደሆነ፣ ካልሆነም ምክንያቱ ምን እንደሆነ ይነግርዎታል። መነሻ ገጹን ብቻ አይተው አይለፉ፤ ገንዘብ የሚያመጡልዎትን የአገልግሎት ገጾች አንድ በአንድ ያስገቡ። ድረ ገጹን የሠራልዎ ሰው ሰርች ኮንሶልን ካላሳየዎት «መግቢያውን ስጠኝ» ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው።

በድርጅቱ ቋንቋ መጻፍ፣ በደንበኛው ቋንቋ አለመጻፍ

የሶፋ አጣቢውን ድረ ገጽ ስንከፍት የገጹ ርዕስ «መነሻ ገጽ» ይላል። ከሥሩ «የተቀናጀ የጽዳት መፍትሔ አቅራቢ፤ ጥራት መለያችን ነው» የሚል ተጽፏል። ደንበኛው ግን ስልኩን አውጥቶ የሚጽፈው «የሶፋ እጥበት ዋጋ»፣ «ምንጣፍ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያጥብ» ወይም «ከሶፋ ላይ የሕፃን ሽንት ሽታ እንዴት ይጠፋል» ብሎ ነው። ከነዚህ ቃላት አንዱም በገጹ ላይ የለም። ታዲያ ጎግል ይህን ገጽ ከዚያ ጥያቄ ጋር በምን ያገናኘው?

የገጹን ርዕስ «የሶፋና ምንጣፍ እጥበት፣ ቤትዎ ድረስ መጥተን» ብሎ መለወጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህ ርዕስ በፍለጋ ውጤቱ ላይ ጎላ ብሎ የሚወጣው መስመር ስለሆነ ለጎግልም ለሰውም ይጠቅማል። በመቀጠል ለሶፋ፣ ለምንጣፍ፣ ለፍራሽ የየራሳቸው ገጽ ይኑራቸው። ሁሉም አገልግሎት በአንድ ገጽ ላይ በነጥብ ተደርድሮ ሲቀመጥ ስለማንኛውም በቂ ነገር አይነገርም። ደንበኞችዎ በሁለት ቋንቋ የሚፈልጉ ከሆነም ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ገጽ ይስጡት።

ቃላቱን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በስልክና በቴሌግራም የሚመጡልዎትን ጥያቄዎች ለአንድ ወር እንዳሉ፣ ሳያሳምሩ ይጻፏቸው። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?»፣ «በዚያው ቀን ይደርቃል?»፣ «ቆዳ ሶፋ ታጥባላችሁ?» የሚሉት እያንዳንዳቸው በገጹ ላይ መልስ የሚሹ ናቸው። ጎግል ላይ ጥቂት ቃላት ሲጽፉ ከሥር የሚዘረዘሩት ሐሳቦችም ሰዎች በእውነት ከሚፈልጉት የተወሰዱ ናቸው። ዋጋን በተመለከተ፣ ቁርጥ ያለ ቁጥር ማስቀመጥ ባይችሉ እንኳ ዋጋው በምን እንደሚለያይ ይጻፉ፦ በመቀመጫ ብዛት፣ በጨርቁ ዓይነት፣ በእድፉ ዕድሜ። «ለዋጋ ይደውሉ» ብቻ የሚል ገጽ ደንበኛውን ዋጋ ወደጻፈው ተፎካካሪ የሚሸኝ ይመስለኛል።

የዚህ ስህተት ሌላው ጫፍ ቃሉን መደጋገም ነው። «የሶፋ እጥበት የሚፈልጉ ከሆነ ምርጥ የሶፋ እጥበት የምንሰጥ የሶፋ እጥበት ድርጅት ነን» የሚል አንቀጽ ሰውን ያባርራል፤ የጎግል ደንብም ይከለክለዋል። በገጹ ኮድ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጠውን የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ጎግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 በይፋ አስታውቋል። ዛሬም ይህን ዝርዝር ለመሙላት የሚያስከፍልዎ ካለ ገንዘብዎን ይያዙ።

መረጃን ሁሉ በምስል ውስጥ መቅበር

የዋጋ ዝርዝር፣ የሥራ ሰዓት፣ ስልክ ቁጥር በአንድ ያማረ ፖስተር ላይ ተሠርቶ በፎቶ ይጫናል። ጎግል በምስል ውስጥ ባለ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ ገጽዎን በትክክል ይረዳል ብለው አይተማመኑ። ደንበኛውም ቁጥሩን ነክቶ መደወል አይችልም። ፖስተሩ ይቅር አልልም፤ መረጃው ግን በተራ ጽሑፍም ይኑር።

የጎግል የንግድ መገለጫን ችላ ማለት ወይም ማጭበርበሪያ ማድረግ

ደንበኞቹ በአካባቢው ለሆኑ ንግድ፣ ከድረ ገጹም በላይ ቶሎ ፍሬ የሚያሳየው ይህ በጎግል ፍለጋና ካርታ ላይ የንግዱን ስም፣ ስልክና የሥራ ሰዓት የሚያሳይ ነፃ መገለጫ ነው። ቀድሞ ጎግል ማይ ቢዝነስ ይባል የነበረው ሲሆን ከ2021 ጀምሮ ስሙ ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ሆኗል። ጎግል በካርታው ላይ ማንን እንደሚያስቀድም የሚወስነው በሦስት ነገሮች እንደሆነ ራሱ ይናገራል፦ ንግዱ ከተፈለገው ነገር ጋር ባለው ዝምድና፣ ከፈላጊው ባለው ርቀትና በታዋቂነቱ። ርቀቱን መለወጥ አይችሉም፤ ሁለቱ ግን በእጅዎ ናቸው።

ዝምድናውን አብዝቶ የሚወስነው ዋናው የሥራ ዘርፍ ነው። ብዙዎች ሰፋ ያለውን «የጽዳት አገልግሎት» መርጠው ያልፋሉ። በዝርዝሩ ውስጥ ሥራዎን ለይቶ የሚጠራ ዘርፍ ካለ እሱን ዋና ያድርጉት፤ ሌሎቹ ተጨማሪ ይሁኑ። ስልክዎ፣ አድራሻዎና የሥራ ሰዓትዎ በመገለጫው፣ በድረ ገጹና በፌስቡኩ ላይ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ያረጋግጡ። የበዓል ሰዓትን ማስተካከል ደግሞ አይርሱ፤ «ክፍት ነው» ተብሎ መጥቶ በር የተዘጋበት ሰው የሚጽፈው አስተያየት ለዓመታት ይቀመጣል።

በንግዱ ስም ላይ ቁልፍ ቃል መደረብ ግን አደጋ አለው። የድርጅቱ ትክክለኛ ስም በማስታወቂያ ሰሌዳውና በፈቃዱ ላይ ያለው ነው። «እገሌ ጽዳት፣ ርካሽ የሶፋ ምንጣፍ ፍራሽ እጥበት 24 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ደንብ መጣስ ስለሆነ መገለጫውን ሊያሳግድ ይችላል። ደንበኛ የማይቀበሉበትን ቦታ እንደ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ማስመዝገብም እንደዚሁ ነው። ቤት ለቤት የሚሠሩ ከሆነ አድራሻዎን ደብቀው የሚያገለግሉበትን አካባቢ ብቻ መግለጽ ይፈቀዳል።

አስተያየት መግዛት፣ የመጣውንም አለመመለስ

ሐሰተኛ አስተያየት መግዛት ደንበኛን መዋሸት ነው። ይህን ለስላሳ ቃል ፈልጌ አላልፈውም። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ደንብ ሐሰተኛ አስተያየት መሸጥና መግዛት በገንዘብ ያስቀጣል። በቅናሽ ወይም በስጦታ ልዋጭ አስተያየት ማጻፍን፣ ደስተኛ ደንበኞችን ብቻ መርጦ መጠየቅንም ጎግል ይከለክላል። ትክክለኛው መንገድ ሥራው እንዳለቀ ለሁሉም ደንበኛ አጭር መልእክት ከአስተያየት መስጫው ሊንክ ጋር መላክ ነው።

መጥፎ አስተያየት ሲመጣ በንዴት መመለስ ወይም ዝም ማለት የተለመደ ነው። መልሱን የሚያነቡት ገና ሊደውሉልዎ የሚያስቡ ሰዎች መሆናቸውን ያስታውሱ። አንዲት ደንበኛ «ሶፋው ሁለት ቀን አልደረቀም» ብላ ጻፈች እንበል። «ሁለት ቀን ርጥብ መቆየቱ ልክ አይደለም፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ወፍራም ስፖንጅ ባላቸው ሶፋዎች ላይ ውሃውን ሁለት ጊዜ መምጠጥ ይገባ ነበር። ነገ መጥተን ያለክፍያ እንድናስተካክለው እንደውልልዎታለን» የሚል መልስ ስህተቱን ያምናል፣ ምክንያቱን ያስረዳል፣ መፍትሔም ያቀርባል። «ውድ ደንበኛችን፣ አስተያየትዎን እናከብራለን» የሚለው ግን ምንም አልተናገረም።

ሊንክ መግዛትና «አንደኛ አደርግሃለሁ» ባይን ማመን

ጎግል በ1998 ሲመሠረት ከሌሎቹ የለየው ሐሳብ፣ ከሌሎች ድረ ገጾች የሚመጣን ሊንክ እንደ ድምፅ መቁጠሩ ነበር። ወዲያው የድምፅ ገበያ ተከፈተ። በ2011 ኒውዮርክ ታይምስ ጄሲ ፔኒ ለተባለው የአሜሪካ ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት ከሥራው ጋር በማይገናኙ ብዙ ድረ ገጾች ላይ ሊንኮች ተቀምጠው ማግኘቱን ጻፈ፤ ጎግልም የድርጅቱን ደረጃ ክፉኛ ዝቅ አደረገው። ድርጅቱ ድርጊቱን አላውቅም ብሎ የቀጠረውን የፍለጋ ባለሙያ ድርጅት አሰናበተ። በሚቀጥለው ዓመት ጎግል ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ አውጥቶ ይህን ዓይነት ሊንክ በስፋት ማደን ጀመረ። እንዲህ ያለ ግዙፍ ድርጅት ዱላውን ሊችለው ይችላል፤ አንድ ሶፋ አጣቢ ግን አይችለውም።

በጎግል አንደኛ እንደሚያደርግዎ የሚምል ሰው ሲመጣ ውሉን አይፈርሙ። ማንም ይህን ዋስትና መስጠት እንደማይችል ጎግል ራሱ ለንግድ ባለቤቶች ይናገራል። ለአነስተኛ ንግድ ተገቢው ሊንክ ከእውነተኛ ግንኙነት የሚመጣ ነው፦ የጽዳት ዕቃ ከሚያቀርብልዎ ድርጅት፣ አባል ከሆኑበት የንግድ ማኅበር፣ አብረው ከሚሠሩት የቤት ዕቃ ሻጭ።

በሌላ ሰው ስም ላይ መቀመጥ

በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ንግዱ በሙሉ በአንድ የፌስቡክ ገጽ ወይም በአንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ይቆማል። ጥቅምት 4 ቀን 2021 በፈረንጆች አቆጣጠር ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል በመላው ዓለም ሲቋረጡ፣ ሌላ መገኛ ያልነበራቸው ንግዶች ከደንበኞቻቸው ተቆራርጠው ዋሉ። አካውንት ሲታገድ ወይም ሲሰረቅ ደግሞ ጉዳዩ በሰዓታት አያበቃም። ማኅበራዊ ሚዲያውን አይተዉት፤ ግን የራስዎ ድረ ገጽና የደንበኞችዎ ስልክ ወይም ኢሜይል፣ ፈቅደው የሰጡት ዝርዝር፣ በእጅዎ ይኑር።

ድረ ገጽ ያላቸውም ቢሆኑ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ ስም) በማን ስም እንደተመዘገበ ብዙ ጊዜ አያውቁም። ያሠሩት ልጅ በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦት ስልኩን ቀይሮ ይጠፋል፤ የእድሳት ማስታወቂያው ለእሱ ይደርሳል፤ ዶሜይኑም ጊዜው ያልፍበታል። ዛሬውኑ ይጠይቁ፦ ዶሜይኑ፣ ሆስቲንጉ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ቦታ)፣ ሰርች ኮንሶሉ፣ የንግድ መገለጫው በማን ኢሜይል ነው? መልሱ «የእርስዎ» ካልሆነ ሥራው ሳይበላሽ፣ በሰላሙ ጊዜ ይዛወርልዎ።

ድረ ገጽ ሲታደስ የድሮ አድራሻዎችን መጣል

አዲሱ ድረ ገጽ ያምራል፤ የገጾቹ አድራሻ ግን ተቀይሯል። በጎግል ላይ ለዓመታት ቦታ የያዙት የድሮ አድራሻዎች «ገጹ አልተገኘም» ማለት ይጀምራሉ። ለውጡ ከመደረጉ በፊት የድሮዎቹን ዝርዝር አውጥቶ እያንዳንዱን ወደ አዲሱ አቻው በቋሚነት ማዞር ያስፈልጋል። ባለሙያዎች 301 የሚሉት ይህንን ነው። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ ማዞር መፍትሔ አይደለም።

በኮምፒውተር ብቻ ማየት

ጎግል ድረ ገጽን የሚመዝነው በስልክ ላይ በሚታየው ይዘቱ ነው። በመካከለኛ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ይክፈቱት። ጎግል ጥሩ የሚለው መለኪያ የገጹ ትልቁ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ነው። ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ከባድ ፎቶ ከሁሉ በላይ ያዘገያል፤ መጠኑን ቀንሶ መጫን ብቻ ብዙ ይለውጣል።

ማስታወቂያን ከፍቶ ዞር ማለት

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ግምት ይነሣ፦ ለጎግል ማስታወቂያ መክፈል በነፃው ውጤት ላይ ደረጃዎን አይጨምርም። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው የሚታይበት አካባቢ ቅንብር ሳይነካ ከተተወ በአካባቢው ያሉትን ብቻ ሳይሆን ስለ አካባቢው ፍላጎት ያሳዩ፣ ሌላ ቦታ ያሉ ሰዎችንም ይጨምራል። ለሶፋ አጣቢ ይህ ባዶ ወጪ ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ ሰዎች በትክክል ምን ብለው ጽፈው እንደነኩት የሚያሳየውን ሪፖርት አለማየት ነው። «የሶፋ እጥበት» ለሚለው ቃል የከፈሉት ገንዘብ «ሶፋ በቤት ውስጥ እንዴት ይታጠባል»፣ «የጽዳት ሥራ ክፍት የሥራ ቦታ»፣ «የሶፋ ዋጋ» ብለው በፈለጉ ሰዎች ላይ ሊያልቅ ይችላል። «ክፍት የሥራ ቦታ»ንና መሰሎቹን በማይፈለጉ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ሲያስገቡ ለእነዚያ ፍለጋዎች መክፈል ያቆማሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን ሪፖርት በየሁለትና ሦስት ቀኑ መክፈት ይበጃል። ነክቶ የመጣውንም ሰው ወደ መነሻ ገጽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሶፋ እጥበቱ ገጽ ያድርሱት።

ላይክ መቁጠርና ቶሎ ተስፋ መቁረጥ

የላይክ ብዛት ደስ ይላል፤ ስንት ሰው እንደደወለ ግን አይነግርም። ለሚደውል ሁሉ «በምን አገኙን?» ብሎ መልሱን መመዝገብ ከብዙ ሪፖርት ይበልጣል። በፍለጋ በኩል ያለው ሥራ ጊዜ ይወስዳል፤ ጎግል በ2017 ለንግድ ባለቤቶች በሰጠው ምክር ለውጡ ከተጀመረ በኋላ ውጤቱን ለማየት አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት እንደሚፈጅ ገልጿል። ጊዜውን ለማሳጠር በሰው ሠራሽ አስተውሎት በመቶ የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ጽሑፎችን ማምረት አያዋጣም፤ ጎግል በመጋቢት 2024 በፈረንጆች አቆጣጠር ደረጃ ለማግኘት ብቻ በገፍ የሚመረት ይዘትን በግልጽ ከልክሏል።

በመጠበቂያው ጊዜ የሚሠራ ነገር አለ። በወር አንድ ጊዜ ሰርች ኮንሶል ውስጥ የአፈጻጸም ሰንጠረዡን ይክፈቱ። ብዙ ጊዜ ታይተው ጥቂት ብቻ የተነኩትን፣ ደረጃቸውም ከ8 እስከ 20 መካከል ያለውን ፍለጋዎች ይለዩ። እነዚያ ጎግል ገጽዎን ለማሳየት ፈቃደኛ የሆነባቸው፣ ነገር ግን መልስዎ ገና ያልጠነከረባቸው ጥያቄዎች ናቸው። «የቆዳ ሶፋ እጥበት» የሚለውን በዚያ ዝርዝር ካገኙ በገጽዎ ላይ ስለ ቆዳ ሶፋ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል። ቆዳው በምን እንደሚጸዳ፣ ምን እንደማይነካው፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ የሠሩትን ሥራ ፎቶ ጨምረው ይጻፉ፤ ርዕሱንም ያስተካክሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንኑ ሰንጠረዥ መልሰው ከፍተው ቁጥሩን ያነጻጽሩ።