ፖፖ ማስለመድ፦ የሚያጋጥሙ ችግሮች፣ ምክንያታቸውና መፍትሄያቸው

ልጅን ከዳይፐር ማላቀቅ ሲያስቸግር ብዙ ወላጅ ቶሎ የሚደርስበት ድምዳሜ «ልጄ እልኸኛ ነው» የሚል ነው። እኔ ይህ ድምዳሜ መጨረሻ ላይ መምጣት አለበት እላለሁ። መጀመሪያ የልጁ ሆድ ይታይ፤ ድርቀት አለበት ወይ? ቀጥሎ ጊዜው ይታይ፤ ሰውነቱ ለዚህ ደርሷል ወይ? ስለ ጸባዩ መነጋገር የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል የሚሄድ ወላጅ ራሱንም ልጁንም ከብዙ ለቅሶ ያድናል።

ጊዜው መድረሱን በምን አውቃለሁ?

ብዙ ልጆች የዝግጁነት ምልክት የሚያሳዩት ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ነው። ቀን ቀን ከዳይፐር የሚላቀቁት ደግሞ በአብዛኛው ከ2 ዓመት እስከ 3 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ የጎረቤትን ልጅ መለኪያ ማድረግ አያዋጣም። ዕድሜውን ከመቁጠር ይልቅ ልጁን እዩት። ዳይፐሩ ለ2 ሰዓት ያህል ደርቆ ይቆያል? ሰገራ ሲመጣበት ጥግ ይዞ ዝም ይላል? ዳይፐሩ ሲርስ ይጎትተዋል፣ «ቀይሩልኝ» ይላል? «ጫማህን አምጣ» ሲባል ሰምቶ ያመጣል? ሱሪውን ዝቅ ለማድረግ ይሞክራል? ሁሉም እስኪሟላ መጠበቅ አያስፈልግም። አንዱም ከሌለ ግን ጊዜው ገና ነው።

አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዝልተን እ.ኤ.አ. በ1962 ልጁ ራሱ ዝግጁነቱን ሲያሳይ እንዲጀመር የሚመክር ጽሑፍ ካሳተመ ወዲህ ብዙ የሕፃናት ሐኪሞች ይህንን መንገድ ይከተላሉ። ልጅን ገና በጥቂት ወሩ ምልክቱን እያዩ ይዞ ማሸናት በብዙ አገር የኖረ ልማድ ነው፤ ይሠራልም። እዚያ ላይ ሰዓቱን የሚያውቀው ግን አሳዳጊው ነው። ልጁ ራሱ አውቆ፣ ይዞ፣ ሄዶ፣ አውልቆ እንዲጠቀም የሚፈለገው ሥልጠና ያለ ጊዜው ሲጀመር የሚያመጣው ረጅም ሥልጠናን ነው፤ ቀድሞ መጨረስን አያመጣም።

አዲስ ሕፃን ሊወለድ ሲል፣ ቤት ሲቀየር፣ አሳዳጊ ሲለወጥ፣ ልጁ ሲታመም ወይም ሆዱ ሲደርቅ አትጀምሩ። ጥቂት ሳምንት ብትቆዩ የምታጡት ነገር የለም።

«ፖፖውን ሲያይ ያለቅሳል፤ አልቀመጥም ይላል»

ጊዜው ካልደረሰ መፍትሄው ማቆም ነው። ፖፖውን ከዓይኑ አርቁት፣ ዳይፐሩን ያለ ቁጣ መልሱለት፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ እንደ አዲስ ሞክሩ። ይህ ሽንፈት አይደለም። በግድ ይዞ ማስቀመጥ ግን ፖፖውን የጠብ ቦታ ያደርገዋል፤ በዚህ ጠብ ደግሞ ወላጅ ሊያሸንፍ አይችልም፤ የልጁን ሽንትና ሰገራ ከልጁ በቀር ማንም ሊያዝዘው አይችልምና።

ምክንያቱ ፍርሃት ሊሆንም ይችላል። ለትንሽ ልጅ የትልቅ ሰው ሽንት ቤት ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ ውሃው ሲለቀቅ ድምፁ ያስደነግጣል። የሚፈራ ልጅ መሬት ላይ በሚቀመጥ ፖፖ ይጀምር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልብሱን ሳያወልቅ ይቀመጥበት፣ አሻንጉሊቱን ያስቀምጥበት። ውሃውን ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ልቀቁት። በትልቁ መቀመጫ የሚጠቀም ከሆነ ቀዳዳውን የሚያጠብ ክዳንና እግሩን የሚያሳርፍበት መርገጫ ያስፈልገዋል። መርገጫው ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው፤ እግሩ አየር ላይ የተንጠለጠለ ልጅ እወድቃለሁ ብሎ ሰውነቱን ስለሚያጠብቅ ሰገራው በቀላሉ አይወጣለትም።

«ተቀምጦ ምንም አይወጣውም፤ በተነሣ በደቂቃው ይሸናል»

ይህን የሚያዩ ወላጆች «ሆን ብሎ ነው» ይላሉ። አይደለም። ሽንትን መያዝና መልቀቅ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ ብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚችሉት መያዙን ነው። ሲቀመጥ ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ስለሚሆን ጡንቻው ይጨማደዳል፤ ሲነሣ ዘና ስለሚል ይለቀቃል።

ከ5 ደቂቃ በላይ አታስቀምጡት። ፊት ለፊቱ ቆማችሁ «መጣ? መጣ?» አትበሉት። የሳሙና አረፋ እንዲነፋ ወይም እንዲዘፍን አድርጉት፤ ሲተነፍስና ሲነፋ ሽንትና ሰገራን የሚይዘው የታችኛው ጡንቻ ይላላል። ሰዓቱንም ምረጡ። ከእንቅልፍ ሲነሣ ፊኛው ሙሉ ነው። ምግብ በልቶ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ደግሞ አንጀት በተፈጥሮው ይንቀሳቀሳል፤ ለሰገራ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም።

«ከሸና በኋላ ነው የሚነግረኝ»

ይህ እድገት ስለሆነ ደስ ይበላችሁ። ልጅ መጀመሪያ የሚያውቀው እንደሸና ነው፤ ቀጥሎ እየሸና መሆኑን፣ መጨረሻ ላይ ሊሸና መሆኑን ያውቃል። «ስለነገርከኝ ጎበዝ፤ ሌላ ጊዜ ፖፖው ላይ» ብላችሁ ልብሱን ቀይሩለት። ቀን ቀን ዳይፐሩን ትታችሁ ተራ ፓንት ብታለብሱት እርጥበቱ ስለሚሰማው ስሜቱን ከሽንቱ ጋር ቶሎ ያገናኘዋል። ዳይፐር እርጥበቱን ስለሚመጥ ይህን ያዘገየዋል።

«ሽንቱን ለመደ፤ ለሰገራ ግን ዳይፐር ካልታሰረለት አይሆንም»

እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ወላጅ የሚሳሳትበትም፣ ልጅ የሚጎዳበትም ቦታ ይኸው ነውና።

የተለመደው አመጣጡ እንዲህ ነው። ልጁ አንድ ቀን ደረቅ ሰገራ ይወጣዋል፤ ያመዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣበት ሕመሙ ትዝ ስለሚለው ይይዘዋል። የተያዘ ሰገራ አንጀት ውስጥ ውሃው እየተመጠጠ ይበልጥ ይደርቃል፣ ይበልጥ ይተልቃል፤ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ያማል። ልጁም መያዙ ልክ እንደነበር ይደመድማል። በጣቱ ቆሞ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ፊቱ ቀልቶ የምታዩት ልጅ ብዙ ጊዜ እያማጠ ያለ ይመስላል፤ እሱ ግን እንዳይወጣ እየያዘ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰገራውን እዩ። እንደ ጠጠር የተበታተነ ነው? ለዕድሜው እጅግ ትልቅ ነው? በሳምንት ከሦስት ጊዜ ያነሰ ነው የሚወጣው? ሲወጣ ያለቅሳል? እንዲህ ከሆነ ፖፖ ማስለመዱን አቁሙና ድርቀቱን አክሙ። ውሃ በቂ ይጠጣ፤ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ይጨመርለት። የላም ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር ብዙ ካለፈ ቀንሱ፤ ሆዱን ሞልቶ ሌላውን ምግብ ያስተወዋል፣ በአንዳንድ ልጆችም ድርቀት ያብሳል። ድርቀቱ ከሰነበተ ምግብ ብቻውን አያድነውም። ሐኪም እንደ ላክቱሎስ ወይም ፖሊኢትሊን ግላይኮል ያለ ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት ያዛል። መድኃኒቱን ሰገራው በለሰለሰ በሳምንቱ አታቋርጡት፤ የተለጠጠው አንጀት ወደ ቦታው ለመመለስ ወራት ሊፈጅበት ስለሚችል መቼና እንዴት እንደሚቀነስ ሐኪሙ ይንገራችሁ። ልጁ ሰገራ ሕመም እንደሌለው ደጋግሞ ሲያየው ነው መያዙን የሚተወው።

ሰገራው ለስላሳ ሆኖ እያለ «ዳይፐር እሰሩልኝ» የሚል ከሆነ እሰሩለት። ዳይፐር ከልክሎ ማስጠበቅ ወደ መያዝ፣ መያዝ ደግሞ ወደ ድርቀት ይወስደዋል። ከዚያ በትንሽ በትንሹ ሂዱ። ዳይፐሩን እንዳደረገ ሽንት ቤት ውስጥ ይጠቀም። ያ ሲለመድ ዳይፐሩን እንዳደረገ ፖፖው ላይ ይቀመጥ። ቀጥሎ ዳይፐሩ ላልቶ ይታሰር፤ በመጨረሻ ፖፖው ውስጥ ተነጥፎ ይጠብቀው። እያንዳንዱ ደረጃ ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ።

ሰገራውን ስትደፉ «ኤጭ! ይሸታል!» አትበሉ። ልጁ ከሰውነቱ የወጣው ነገር ነውር መሆኑን ከእናንተ ፊት ላይ ያነባል፤ የሚያፍርበትን ነገር ደግሞ ይደብቃል።

«ፓንቱ ላይ ቀጠን ያለ ሰገራ ይነካካል»

ተቅማጥ ይመስላል፤ ልጁም ያልታጠበ ወይም ሰነፍ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ይህ ያው ድርቀት ነው። ደረቁ ሰገራ ታችኛውን አንጀት ዘግቶ ሲቀመጥ ከላይ ያለው ቀጭን ሰገራ በጎኑ ሾልኮ ይወጣል። አንጀቱ ስለተለጠጠ ልጁ ሲወጣ አይሰማውም፤ «አልተሰማኝም» ሲል እውነቱን ነው። ተቅማጥ መስሏችሁ የተቅማጥ ማስታገሻ ብትሰጡት ይብስበታል። ሐኪም ጋ ውሰዱት። ሙሉው አንጀት ፊኛን ስለሚጫን ድርቀት ያለበት ልጅ ሽንቱም ያመልጠዋል፤ ድርቀቱ ሲታከም ብዙ ጊዜ የሽንቱም ነገር አብሮ ይስተካከላል።

«ጨዋታ ላይ ከሆነ ልብሱ ላይ ይለቀዋል»

ልጁ ያውቃል፤ ግን ጨዋታው ይበልጥበታል። ሲቁነጠነጥ፣ እግሩን ሲያጣምር፣ ተረከዙ ላይ ሲቀመጥ ታዩታላችሁ። «ሽንትህ መጣ?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ «አልመጣም» ነው። ጥያቄውን ተዉትና በየ2 ሰዓቱ፣ ከምግብ በፊት፣ ከቤት ከመውጣት በፊት «አሁን የሽንት ሰዓት ነው» በሉት። ጨዋታው እንደሚጠብቀው ንገሩት፤ አሻንጉሊቱን ይዞ ቢሄድም ችግር የለም። ቀበቶ፣ ማሰሪያና ጠንካራ ቁልፍ ያለው ሱሪ ለዚህ ጊዜ አይሆንም፤ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ አልብሱት።

«ልጄ ሸንታ ትነሣለች፤ ትንሽ ቆይቶ ፓንቷ ይርሳል»

ጉልበቷን ገጥማ ስትቀመጥ ጥቂት ሽንት ወደ ብልቷ ይገባና ስትነሣ ይፈሳል። ፓንቷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ አውርዳ፣ እግሯን ከፍታ፣ ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ብላ ትሽና፤ በዚህ ይስተካከላል። ስትጠርጉላት ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን፤ የሰገራ ጀርም ወደ ሽንት ቧንቧ እንዳይሄድ ነው። ወንድ ልጅም መጀመሪያ ተቀምጦ ይልመድ፤ መቆሙ ሰገራውንም ከለመደ በኋላ ይደርሳል።

«ለምዶ ነበር፤ አሁን ተመለሰበት»

ታናሽ ተወልዷል? የሕፃናት መዋያ ጀምሯል? ቤት ውስጥ ጠብ ወይም ሕመም አለ? ልጅ ሲጨነቅ በቅርብ የያዘውን ችሎታ ቀድሞ ይለቃል። ለጥቂት ሳምንታት እንደ ጀማሪ ቁጠሩት፤ በየሰዓቱ አስታውሱት፣ ሲያመልጠው ዝም ብላችሁ ልብሱን ቀይሩ፣ ከሁሉም በላይ ግን ከእሱ ጋር ብቻ የምትሆኑበት ጊዜ ስጡት። በድንገት የመጣ ከሆነና ሲሸና የሚያቃጥለው፣ የሚያተኩሰው ወይም ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ከሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።

ቤት ደህና ሆኖ መዋያ ላይ ብቻ የሚያመልጠው ልጅ ብዙ ጊዜ ሽንት ቤቱን ስለፈራ ወይም ለመጠየቅ ስላፈረ ነው። ከሞግዚቷ ጋር ተነጋገሩ፤ ቤት ውስጥ የምትሉትን ቃል እሷም ታውቀው፣ ሰዓቱንም አመሳስሉ። ቤት «ሽሽ» የሚባለው መዋያ ላይ በሌላ ስም ከተጠራ የ2 ዓመት ልጅ ግራ ይገባዋል።

«ቀን ደረቅ ነው፤ ሌሊት ግን ይሸናል»

የሌሊቱ ነገር በሥልጠና አይመጣም። እንቅልፍ ላይ ያለው አንጎል ፊኛው መሙላቱን መስማት፣ ሌሊት ሽንትን የሚቀንሰውም ሆርሞን በበቂ መጠን መመንጨት አለበት፤ ይህ በየልጁ በተለያየ ጊዜ ይደርሳል። በ5 ዓመታቸው 15 በመቶ ያህል ልጆች አሁንም ሌሊት ይሸናሉ። በዘርም ይተላለፋል፤ እናት ወይም አባት በልጅነታቸው ሲሸኑ የኖሩ ከሆነ ልጁም የመሽናት ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህን ለልጁ መንገር ከኀፍረት ያድነዋል። ፍራሹን ውሃ በማያስገባ ልብስ ሸፍኑ፣ ከመተኛቱ በፊት ይሽና፣ ሌሊት ዳይፐር ብታደርጉለት የቀኑን አያበላሽም። ተኝቶ ለሠራው ነገር አትቅጡት፣ በወንድሞቹ ፊትም አታንሡበት።

ለሐኪም መታየት ያለበት መቼ ነው?

4 ዓመት ሞልቶት ቀን ቀን ያልደረቀ ልጅ፤ 6 ወርና ከዚያ በላይ ደርቆ ቆይቶ እንደገና የጀመረ፤ ሰገራው ላይ ደም የታየ፤ ድርቀቱ በምግብ ማስተካከል ያልተለወጠ፤ ሽንቱ ሳያቋርጥ ጠብ ጠብ የሚል ወይም ሲሸና የሚያምጥ ልጅ ይታይ። እግሩ የደከመ፣ አረማመዱ የተለወጠ ልጅ ሳይዘገይ ይመርመር። ልጁ እንግዳ የሆነ የውሃ ጥም ይዞት ብዙ እየጠጣ፣ ብዙ እየሸና ከከሳ ደግሞ በዚያው ቀን የደም ስኳሩ ይለካ።