የሥዕል እንቆቅልሽ አልፈታ ሲል፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በሦስት ረድፍና በሦስት ዓምድ ከተደረደሩ ዘጠኝ ሳጥኖች የመጨረሻው ባዶ ሆኖ፣ የጎደለው ሥዕል ከተሰጡ ምርጫዎች መካከል የሚመረጥበትን የሥዕል እንቆቅልሽ በሰፊው እንዲታወቅ ካደረጉት አንዱ የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ሬቨን እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተመው ፈተና ነው። ብዙ ሰው መልሱ ሲጠፋው የተሰጥኦ ጉድለት ይመስለዋል፤ እኔ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉን ከምናይበት ቅደም ተከተል የሚመነጭ፣ ስለዚህም የሚታረም ነው ብዬ አምናለሁ።

ሥዕሉን ደጋግመው አይተውት ምንም ሥርዓት ካልታየዎት፣ መንስኤው ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ለመያዝ መሞከርዎ ነው። በአንድ እንቆቅልሽ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሕጎች እርስ በርስ ሳይነካኩ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ለምሳሌ ቀስቱ በየሳጥኑ 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ሲዞር፣ ነጥቡ በተቃራኒው አቅጣጫ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ይዘላል። መፍትሄው ቀስቱን ብቻ እስከ ረድፉ መጨረሻ ተከትሎ ሕጉን በወረቀት ላይ ማስፈር፣ ከዚያም ወደ ነጥቡ መመለስ ነው። ብዛት፣ መጠንና ቀለምም እንዲሁ በየተራ ይታያሉ።

የመጀመሪያውን ረድፍ ያስረዳው ሕግ ሁለተኛው ላይ ሲፈርስ ጉዳዩ ከበድ ይላል። ብዙውን ጊዜ መንስኤው ለመደመር መቸኮል ነው። በአንደኛው ሳጥን ቋሚና አግድም መስመር፣ በሁለተኛው አግድምና ሰያፍ መስመር ቢኖሩ፣ የሚደምር ሰው በሦስተኛው ሦስቱንም ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን ቋሚውንና ሰያፉን ብቻ ሊሆን ይችላል። አግድሙ የጠፋው በሁለቱም ሳጥኖች ውስጥ ስላለ ነው፤ የጋራ የሆነው ይሰረዛል፣ በአንዱ ብቻ ያለው ይቀራል። ይህ ሕግ ከመደመር ጋር የሚምታታው፣ ሁለቱ ሳጥኖች የጋራ መስመር በሌላቸው ረድፍ ላይ ሁለቱም ሕጎች አንድ ዓይነት ውጤት ስለሚሰጡ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ሕግ ከመቀበልዎ በፊት በሁለተኛው ረድፍ ይፈትኑት፤ ካልሠራ ሊያስታምሙት አይሞክሩ፣ ጥለውት ሌላ ይፈልጉ።

ሁለት ምርጫዎች ቀርተው መለየት ሲያቅትዎ፣ መዞርና በመስታወት መገልበጥ ተምታተውብዎት ሊሆን ይችላል። ከምሰሶው አናት ወደ ቀኝ የተዘረጋ ባንዲራ 180 ዲግሪ ሲዞር ከታች ሆኖ ወደ ግራ ይዘረጋል፤ በመስታወት ሲታይ ግን አናቱ ላይ እንዳለ ወደ ግራ ይሆናል። ክብና ካሬ ይህን ልዩነት ስለማያሳዩ፣ ጎኖቹ የማይመሳሰሉ ቅርጽ መርጠው ይከተሉ።

የመረጡት መልስ ትክክል እየመሰለዎት ስህተት የሚሆን ከሆነ ደግሞ ምርጫዎቹን ቀድመው እያዩ ይሆናል። የተሳሳቱት ምርጫዎች ብዙውን ጊዜ አንዱን ሕግ አሟልተው ሌላውን የሚያጓድሉ ስለሆኑ፣ በእጅዎ ሸፍነዋቸው የጎደለውን ሥዕል በወረቀት ላይ ይሳሉ። የሳሉት ከምርጫዎቹ መካከል ከሌለ፣ የሚቀርበውን ከመምረጥ ይልቅ የዘለሉትን ሕግ ወደ መፈለግ ይመለሱ።