የቤት ኢንሹራንስ ሲታደስ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቴ ኢንሹራንሱ የሚታደሰው መስከረም ላይ ነው። ዓምና የማደሻ ደብዳቤው ክፍያውን 340 ዶላር ጨምሮ መጣ። አንድም ቀን ካሳ ጠይቄ አላውቅም!

ውሉ ከማለቁ አንድ ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። ዴክላሬሽን ፔጅ የሚባለውን፣ የሽፋናችሁ ዝርዝር ያለበትን የውሉን ወረቀት አውጡና ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ። ለሁሉም ያንኑ ሽፋን፣ ያንኑ ዲዳክቲብል (ጉዳት ሲደርስ ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን) ንገሯቸው። እኔ በአንዱ ልሸወድ ነበር፤ ርካሽ ያለኝ ለካ ዲዳክቲብሉን ከ1,000 ወደ 2,500 ዶላር ሰቅሎት ነው። ቤቱን በመሸጫ ዋጋው ሳይሆን፣ ቢቃጠል እንደገና ለመሥራት በሚፈጀው ገንዘብ አስገምቱ። መሬቱ አይቃጠልማ! ጎርፍ ደግሞ በተለመደው ውል አይሸፈንም፤ ለብቻው ይገዛል።

አዲሱ ሳይጀምር አሮጌውን አትሰርዙ። ኢንሹራንሱ ከኤስክሮ (የቤት ብድር የሰጣችሁ የሞርጌጅ ድርጅት ከወር ክፍያችሁ ላይ ለኢንሹራንስ ከሚያስቀምጠው ሂሳብ) የሚከፈል ከሆነ ለድርጅቱም ንገሩ፤ አለዚያ ለአሮጌው መክፈሉን ይቀጥላል።