ከሐረር እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? በክርና በወረቀት እናስላው

ትኬቱ «ከአዲስ አበባ 22:00፣ ዋሽንግተን 08:00» ይላል እንበል። ቀንሰን 10 ሰዓት ነው ብንል ተሳሳትን። ትክክለኛውን ለማግኘት ክር፣ ማስመሪያና የተማሪ ሉል (ግሎብ) ይበቃል።

መጀመሪያ ርቀቱን ለኩ። ጠፍጣፋ ካርታ ረጅም ርቀት ላይ ያሳስታል፣ ሉል ይሻላል። የክሩን አንድ ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዛችሁ ወጥሩት። ክሩ በሱዳንና በሊቢያ በኩል ሜዲትራኒያንን ሲያቋርጥ ታያላችሁ። አጭሩ መንገድ ያ ነው። ክሩ 27 ሴንቲ ሜትር፣ የሉሉ ወገብ ዙሪያ 94 ከሆነ፣ 27ን ለ94 አካፍሉና በ40,000 አባዙ። 40,000 ኪሎ ሜትር የምድር ዙሪያ ነው። 11,500 ገደማ ይመጣል።

ቀጥሎ ለ900 አካፍሉ። ትልልቅ አውሮፕላኖች በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይበራሉ። ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ስትጨምሩ 13 ሰዓት ከምናምን ይሆናል። ግን ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ በመሄጃው መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። በመመለሻው ግን ይህ ችግር የለም፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሰዓቱ። ሁሉንም ወደ አዲስ አበባ ሰዓት መልሱ። ዋሽንግተን በሙቀት ወራቷ ከእኛ 7 ሰዓት፣ በብርድ ወራቷ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በሙቀት ወራቷ እዚያ 08:00 ሲሆን እኛ ጋ 15:00 ነው። ከ22:00 እስከ 15:00 ስትቆጥሩ 17 ሰዓት ታገኛላችሁ። ከ13 ሰዓቱ የበለጠው መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ በመሙላቱ ጭምር ነው። ወደ ሀገራችን አቆጣጠር ለመለወጥ 6 ቀንሱ (ከ07:00 በፊት ከሆነ ግን 6 ጨምሩ)፤ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ 12 ደግሞ ቀንሱ። 22:00 ማለት ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ ትኬት ሲገጥማችሁ ግን አደራ! የአክስቴ ልጅ «15፣ 00:30» የሚል ትኬት ይዛ በ15 ማታ ቦሌ ደረሰች። አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነበር። እኛ ቀን ነጋ የምንለው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ትኬቱ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ይቀይራል። መሄድ የነበረባት በ14 ማታ ነበር። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ የእኛን ሰፈር ጨምሩ። ከድሬ ቦሌ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው። የሐረር ሰው ደግሞ መጀመሪያ በደንገጎ ወደ ድሬ መውረድ አለበት። ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ከሐረር ተነሱ፣ 7 ሰዓት ድሬ ኤርፖርት ድረሱ፣ 9 ሰዓት ብረሩ፣ ማታ 4 ሰዓት ከቦሌ ተነሱ። ዱለስ (የዋሽንግተን ኤርፖርት) ስታርፉ ሐረር በማግስቱ 9 ሰዓት ነው። ከቤት ከወጣችሁ 27 ሰዓት ተኩል ሆኗችኋል። ዘመዶቻችሁ «መቼ ትደርሳላችሁ?» ሲሉ ይህን ንገሯቸው።